«ታንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በገበያ ወሬ ውስጥ ያለው ትርጉምና አገባብ

በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ የሚነግድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋ መገበያየቱ የተለመደ ነገር ነው። ከአምራቹ ጋር በአማርኛ ይዋዋላል፤ ከገላባት ተሻግሮ ከሚመጣው ደንበኛ ጋር በዐረብኛ ይከራከራል፤ ሰሊጡን ተረክቦ ወደ ውጭ አገር የሚልከው ላኪ ደግሞ ከባሕር ማዶ ገዢው ጋር የሚጻጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የዚያ ጽሑፍ ፍርፋሪ በእጅ ስልክ እየተላለፈ እስከ ጠረፉ ይደርሳል። በአባቶቻችን ዘመን ቴሌግራም የሚባለው ከመሥሪያ ቤት መስኮት የሚቀበሉት ወረቀት ነበር፤ ዛሬ ያው ስም በስልክ ለሚላክ መልእክት ሆኗል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን ማጠራቸው ነው።

አጭር መልእክት የሚጻፈው በትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ አይደለም። የገበያ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት፥ ከስፖርት ሜዳና ከመንገድ የተለቀመ፥ መዝገበ ቃላት ዘግይቶ የሚቀበለው እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ቃል አንዱ «ታንክ» ነው። «ፕራይስስ ታንክት» የሚል መልእክት ሲመጣ ትርጉሙ «ዋጋው በድንገት ተንኮታኮተ» ማለት ነው። ይህን ቃል ከሌሎቹ ለይተን በዚህ ሳምንት ልንመለከተው የወደድነው፥ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ምክንያቱም በጠረፉ አካባቢ «ታንክ» እንግዳ ቃል አይደለም። ማንም ሰው ሁለት ትርጉም ያውቅለታል። አንደኛው በሰንሰለት የሚሄደው የጦር ተሽከርካሪ ነው፤ ሁለተኛው ውኃ ወይም ነዳጅ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። መተማ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበት፥ ከዚያም ወዲህ የወታደር እግር ብዙ ጊዜ የረገጠው ስፍራ ነው። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነትም ብዙ ሺህ ስደተኞችን በዚሁ በር አሳልፏል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር፥ እንግሊዝኛውን በግማሽ የሚያነብ ሰው «ገበያ» የሚለውንና «ታንክ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ላይ ቢያገኝ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ታንክ ገበያ ገባ ብሎ የተጫነውን መኪና ሊያስቆም ይችላል። ወይም ነገሩ ስለ ነዳጅ ማጠራቀሚያ መስሎት ቸል ይልና፥ ዋጋው መውደቁን ጎረቤቱ ከሸጠ በኋላ ይሰማል። ሁለቱም ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል።

ሦስቱ ትርጉሞች ከየት እንደ መጡ ማወቁ ቃሉን ለማስታወስ ይረዳል። ቃሉ በመሠረቱ የውኃ ቃል ነው። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ ሕንድ ሲነግዱ፥ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ የአገሩ ሰው በሚጠራበት ስም መጥራት ጀመሩ፤ ፖርቱጋሎችም ድምፁ የሚቀራረብ ቃል ነበራቸው። ከኩሬው ወደ ማናቸውም ትልቅ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ተላለፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች አዲሱን የብረት ተሽከርካሪ በምሥጢር ሲሠሩ፥ የሚሠራው የውኃ ማጓጓዣ ዕቃ ነው የሚል ወሬ እንዲሰማ ብለው «ታንክ» የሚል የሽፋን ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ጦር ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ ሲገባ ምሥጢሩ ተገለጠ፤ የሐሰቱ ስም ግን ቀረ። እንግዲህ የመተማ ሰው የሚያውቃቸው ሁለቱም ታንኮች ከአንድ ኩሬ የወጡ ናቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ትርጉም የመጣው ከአሜሪካ የቦክስ መድረክ ነው ይባላል። በዚያ አገር የዋና ገንዳም «ታንክ» ይባል ነበር። ጉቦ ተቀብሎ፥ ብርቱ ቡጢ ሳያገኘው ሆነ ብሎ የሚዘረር ቦክሰኛ ወደ ውኃ ዘልሎ እንደሚገባ ዋናተኛ ስለሚመስል «ወደ ታንኩ ገባ» ይሉታል። ከቦክስ ወደ ቴኒስ ተሻገረና፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ጨዋታውን በፈቃዱ ለቅቆ የሚሸነፈውን ተጫዋች ለመንቀፍ እንደ ግስ መነገር ጀመረ። በኋላም የገበያ ዜና ጸሐፊዎች ወሰዱት። በዚህ መንገድ ላይ ቃሉ አንድ ነገር ጥሎ አንድ ነገር ይዞ መጥቷል። የጣለው ተንኰሉን ነው፤ ዋጋ «ታንክ» አደረገ ሲባል ሆነ ብሎ የወደቀ የለም። የያዘው ድንገተኛነቱን ነው። በስፖርት ወሬ ግን የነቀፋው ትርጉም ዛሬም ስላለ፥ ስለ ሰው የተነገረውን ስለ ዋጋ ከተነገረው መለየት ይገባል። አንድ ሰው ድርድሩን «ታንክ አደረገው» ከተባለ፥ አውቆ አበላሸው የሚል ክስ ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ይህን ቃል ወደ ቋንቋችን ለመመለስ የምንቸገር አይደለንም፤ እንዲያውም ችግሩ የምርጫ መብዛት ነው። ዋጋ «ቀነሰ» ወይም «ወረደ» ብንል በጣም ይለዝባል፤ ሁለት ብር ቢቀንስም ቀነሰ ነውና። «ረከሰ» የሚለው ለገዢ ደስታ፥ ለሻጭ ኀዘን የሆነውን ያሳያል እንጂ አወዳደቁን አይናገርም። «አሽቆለቆለ» ቁልቁለት አለው፤ ነገር ግን ከአይከል ወደ ሽንፋ ሜዳ እንደሚወርድ መንገድ ቀስ በቀስ የሚወርድ ነው። «ተንኮታኮተ» ከሁሉ ይቀርባል፤ ለጽሑፍም ይስማማል። ከጽሑፍ ወጥተን የገበያ ሰው አፍ ላይ ያለውን ከፈለግን ግን ትክክለኛው «ዘጭ አለ» ነው። እንግሊዝኛው ቃል መደበኛ ያልሆነ እንደ መሆኑ «ዘጭ አለ»ም በማመልከቻ ላይ አይጻፍም፤ ነገር ግን ማንም ይረዳዋል፤ ክብደቱም፥ ድንገተኛነቱም፥ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ እንኳ በውስጡ አለ።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ድንገት የሚሆነውን ነገር ሁሉ «አለ» በሚለው ግስ እየደገፈ ይናገረዋል። መብራት ድርግም ይላል። የጫነ መኪና በአቀበት ላይ ቀጥ ይላል። ሰው እጥፍ ወይም ክልትው ብሎ ይወድቃል። እያንዳንዱ አወዳደቅ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንዱን በሌላው ስፍራ ማስገባት ጆሮ ይጎረብጣል። መኪናው ዘጭ አለ ብንል ገደል የገባ ይመስላል፤ ዋጋው ቀጥ አለ ብንል ደግሞ ባለበት ቆመ ማለት ይሆናል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲል «ኮንክት አውት» ይላሉ፤ ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ «ኪልድ ኦቨር»፥ ድርጅት ታጥፎ ሲዘጋ «ፎልድድ» ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ልብስ ማጠፍን ከሚያመለክተው ቃል የመጣ ሲሆን፥ እኛም «እጥፍ አለ» ማለታችን ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በአንድ አሳብ መገናኘታቸውን ያሳያል። «ታንክ» ግን ለሞተር አይሆንም፤ ራሱን ስቶ ለወደቀ ሰው አይሆንም፤ ለፈረሰ ቤትና ለተናደ ድልድይም አይሆንም። የሚነገረው ስለ ዋጋ፥ ስለ አክሲዮን፥ ስለ ገንዘብ ምንዛሪ፥ ስለ ሽያጭ፥ ስለ ምጣኔ ሀብት፥ እንዲሁም ሰው ሳያየው ስለ ቀረ ፊልም ነው። በአጭሩ የሚለካ ወይም ውጤት የሚጠበቅበት ነገር ሲወድቅ ነው።

የሰዋስውን ነገር ባጭሩ እንናገር። ቃሉ ስምም ግስም ስለሚሆን በአቀማመጡ ይለያል። ከፊቱ «ዘ» ወይም «ኤ» የሚሉት መስተአምሮች ወይም ቁጥር ካለ ስም ነው፤ ዕቃው ወይም ተሽከርካሪው ነው። ከዋጋ ወይም ከገበያ ቀጥሎ ከመጣና በኀላፊ ጊዜ ከተጻፈ ግስ ነው። በኀላፊ ጊዜ ሲጻፍ መጨረሻው የ«ድ» ፊደል ነው፥ ሲነበብ ግን «ታንክት» ይባላል። «ታንክ አፕ» የሚለው ነዳጅ መሙላት ነው፤ በእንግሊዞች ዘንድ «ታንክት አፕ» የተባለ ሰው ደግሞ የሞላው ነዳጅ ሳይሆን መጠጥ ነው። ስለ ደንበኛ የተጻፈ መልእክት ላይ ይህን ቢያገኙ ስለ ኪሳራው አይጨነቁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በመጨረሻው ላይ «ስ» ሲጨመርበት ነው። «ታንክስ» ብዙ ታንኮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ በአሁን ጊዜ «ይንኮታኮታል» ማለትም ሊሆን ይችላል። የዜና አርእስት ደግሞ መስተአምሩን እየጣለ ስለሚጻፍ መለያው ይጠፋል። «ኦይል ታንክስ» ተብሎ የተጻፈ አርእስት «የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች» ነውን፥ ወይስ «የነዳጅ ዋጋ ተንኮታኮተ» ነው? ከቀጣዩ ቃል በቀር የሚፈታው የለም። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. በፖርት ሱዳን የነዳጅ ማከማቻዎች በድሮን ተመትተው ሲቃጠሉ የወጣውን ወሬ ከአርእስቱ ብቻ ያነበበ ነጋዴ፥ ነዳጅ ረከሰ ብሎ ደስ ቢለው ነገሩ ፍጹም ተቃራኒው ነበር። ስለዚህ አርእስት አይተው የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ቢያንስ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ድረስ ቢያነቡ መልካም ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትርጉሙ ነው። ለነጋዴ ከትርጉሙ የሚበልጠው ቃሉ የማይናገረው ነገር ነው። «ታንክት» የሚለው ቃል ፍጥነትንና ጥልቀትን ይናገራል፤ መጠንን አይናገርም፥ ምክንያትን አይናገርም፥ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ሆነም አይናገርም። በመቶ አሥር የወደቀውንም፥ በመቶ ስልሳ የወደቀውንም በዚሁ አንድ ቃል ይጠሩታል። ጸሐፊው የደነገጠ ከሆነ በመቶ አምስቱንም ይጠራበታል። ገዢ የሆነ ሰው ደግሞ ሻጩን ለማስደንገጥ ሲል ይጠቀምበታል፤ ይህን በክፋት አንመለከተውም፥ ገበያ ነውና።

ይህ ጉዳይ በሰሊጥ አገር እንዴት እንደሚጎዳ እናስረዳ። በቆላው ሰሊጥ በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ በጥቅምት ይታጨዳል። ፍሬው የደረሰ ሰሊጥ ቅርፊቱ ከተከፈተ መሬት ላይ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ ስለዚህ ብዙ የቀን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፥ ሠራተኛውም ከደጋው ወርዶ ደመወዙን በእጁ ተቀብሎ ይመለሳል። ለዘርና ለአረም የተበደሩትም ብድር የሚከፈለው በዚሁ ወቅት ነው። አምራቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሻጭ ስለሚሆን ዋጋው ዝቅ ይላል። ይህ በየዓመቱ የሚመጣና የሚሄድ የወቅት ዝቅታ እንጂ መንኮታኮት አይደለም። ነገር ግን ልክ በዚያ ሳምንት «ታንክት» የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ቢዞር፥ ሁለት ወር ሊቆይ ይችል የነበረው አምራች ኩንታሉን በተሰጠው ዋጋ ያራግፋል። እህሉን ያራገፈው ዝቅታው ሳይሆን ቃሉ ነው።

እውነተኛው መንኮታኮት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ ብሎ የነበረው የሰሊጥ ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት በብርቱ ወድቆ፥ በውድ ገዝቶ ያከማቸውን ነጋዴ ሁሉ ጎድቷል። ያን ጊዜ «ታንክት» ያለ ሰው አልዋሸም። ሁለቱን ለመለየት በአንድ ሰው መልእክት ላይ ከመደገፍ ይልቅ በይፋ የተነገረውን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውና በመተማም የሰሊጥ መረከቢያ መጋዘን የከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመበት ምክንያት አንዱ፥ በጠረፍ ያለው ሻጭ አዲስ አበባ ላይ የተቆረጠውን ዋጋ በዚያው ቀን እንዲያውቅ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወንዙ ማዶ ነው። የሱዳን ፓውንድ ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር በ600 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት በትይዩው ገበያ ከ2000 ፓውንድ በላይ ሆነ። በመተማ ገበያ ፓውንድ በኪሱ አሳድሮ የነበረ ሰው ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አላስፈለገውም። «ታንክት» ለሚለው ግስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ አገር መጥቀስ አያስፈልግም።

የእኛ ብርስ? በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ቀን፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ፤ በተከታዩ ወርም ከ100 ብር አለፈ። ይህን ለመግለጥ «ታንክት» ማለት በእኛ አስተያየት ተገቢ አይደለም። ግሱ ሳይታሰብ የወደቀን ነገር ያመለክታልና፥ መንግሥት ዐውቆና አስታውቆ ያደረገውን ለውጥ ለመግለጥ የራሱ የሆኑ ቃላት አሉ፤ ተመኑ ተለቀቀ ወይም የምንዛሪ ለውጥ ተደረገ ማለት ይሻላል። ዋጋው ከታወጀው በኋላ ከታሰበው በላይ ቢወርድ ያን ጊዜ ክርክሩ ይከፈታል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ በመቶ ስሌት አንድ ነገር እናክል፥ ምክንያቱም በዚያ ቀን የውጭ አገር ዜና ጽሑፎች ብር በመቶ 30 ወደቀ ብለው ጽፈዋል። ከ57.48 ወደ 74.73 ሲወጣ የዶላር ዋጋ በብር ሲለካ በመቶ 30 ጨመረ፤ ይህ ልክ ነው። የብር ዋጋ በዶላር ሲለካ ግን የቀነሰው በመቶ 23 ያህል ነው። አንዱን በሌላው ስፍራ ማስገባት በአንድ ሺህ ኩንታል ውል ላይ ስንት እንደሚያሳጣ እያንዳንዱ በራሱ እርሳስ ያስላው። ደግሞም ለአስመጪው ውድቀት የሆነው ለላኪው በብር ሲቆጠር ከፍታ ነው። ስለዚህ «ታንክት» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን?» የሚል መሆን አለበት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመለስ። ቃሉ ስለ ነጋዴ ወይም ስለ ማኅበር ሲነገር «ከሰረ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ሆኗል፤ ይህን እጅግ እንቃወማለን። «ኪሳራ» ከዐረብኛው «ኸሳራ» የተወረሰ ቃል ነው፤ በቃል ንግግር ማናቸውንም ጉዳት ያመለክታል፤ አንድ በግ በርካሽ የሸጠም «ከሰርሁ» ይላል። በሕግ ግን የተወሰነ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት፥ ኪሳራ ዕዳውን መክፈል ባቆመ ነጋዴ ላይ በፍርድ ቤት የሚታወጅ ነገር ነው፤ ከታወጀ በኋላ ነጋዴው በንብረቱ የማዘዝ መብቱን ያጣል፥ ባለገንዘቦቹም በሕጉ ሥርዓት ይሰበሰባሉ። «ታንክት» የተባለ ድርጅት ግን ምናልባት ሽያጩ ወድቆ ይሆናል እንጂ ዕዳውን በየቀኑ እየከፈለ ሊኖር ይችላል።

በመተማ ንግድ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በመተማመን ነው። ሸቀጥ በዱቤ ይወሰዳል፥ ሰሊጥ ከመታጨዱ በፊት ቀብድ ይሰጥበታል፥ የአንዱ ስም በሌላው ዘንድ እንደ መያዣ ይቆጠራል። ስለ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የቀልድ ቃል «ከሰረ» ብሎ ተርጕሞ ማሠራጨት፥ ባለገንዘቦቹ ሁሉ በአንድ ቀን በሩን እንዲያንኳኩ ያደርጋል፤ ያልከሰረውም በዚያ ይከስራል። «ሽያጩ እጅግ ወርዷል» ወይም «ሥራው ተዳክሟል» ቢባል በቂ ነው። እንግሊዞችም ራሳቸው ለሕጋዊው ነገር «ባንክራፕት» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ከጣልያንኛ የመጣ ሆኖ የተሰበረ አግዳሚ ማለት ነው፥ ገንዘብ ለዋጩ የሚቀመጥበት ማለት ነው። በጨዋታ የሚናገሩት «ጎን ባስት» የሚለው ደግሞ ተሰበረ ማለት ሲሆን፥ ከ«ታንክት» ይልቅ ወደ እውነተኛው ኪሳራ ይቀርባል።

በመጨረሻ ስለ ውል። የባሕር ማዶ ገዢ «ዘ ማርኬት ሃዝ ታንክት፥ ፕሊዝ ሪቫይዝ ዩር ፕራይስ» ብሎ ቢጽፍ «ገበያው ተንኮታኩቷልና ዋጋህን አስተካክል» ማለቱ ነው። ይህ ልመና ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛ ከሆነ፥ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1764 የሁኔታዎች መለወጥ አፈጻጸሙን ከታሰበው በላይ ከባድ ቢያደርገውም ውሉ ጸንቶ እንደሚቆይ ይደነግጋል፤ ቁጥር 1794ም ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መውጣትና መውረድ ከዐቅም በላይ እንደ ሆነ ነገር እንደማይቆጠር ያመለክታል። ውሉ በሌላ አገር ሕግ ወይም በግልግል ዳኝነት የሚታይ ከሆነ ግን መልስ ከመስጠት በፊት ያንን አንቀጽ አውጥቶ ማንበብ ያሻል። ከገዢ ጋር ለወደፊት መስማማት የሚፈልግ ላኪ ዋጋውን በፈቃዱ ቢቀንስ መብቱ ነው፤ ሲቀንስ ግን መብቱ መሆኑን ዐውቆ ይቀንስ።

በራሳችን ደብዳቤ ላይ ይህን ቃል ፈጽሞ አንጻፍ። በውል፥ በዋጋ ማቅረቢያ፥ በባንክ ደብዳቤና በአቤቱታ ላይ ስፍራ የለውም። በምትኩ «ፌል ሻርፕሊ» ብሎ፥ ማለት በብርቱ ወረደ ብሎ፥ ቀጥሎ ቁጥሩንና ቀኑን መጻፍ ነው። ገዢው በዚያ ቃል ለጻፈው መልእክት የሚሰጠው መልስ ከዚህ በታች እንደ ተመለከተው ቢሆን ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ዐዋቂ የሆነ ጸሐፊ በቀላሉ ይመልሰዋል።

«ክቡር ሆይ፥ ገበያው በብርቱ እንደ ወረደ የገለጡበት መልእክት ደርሶናል። ነገሩን ለመመርመር እንድንችል ስለ የትኛው የሰሊጥ ዓይነትና ደረጃ እንደ ሆነ፥ በየትኛው ወደብ ርክክብ እንደ ታሰበ፥ ዋጋው ከስንት ወደ ስንት በየትኛው ቀን እንደ ወረደ እንዲያስታውቁን በትሕትና እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ በመካከላችን የተፈረመው ውል እንደ ጸና መሆኑን እያረጋገጥን፥ ዕቃው በተወሰነው ቀን ለመጫን በመዘጋጀት ላይ መሆኑን እናስታውቃለን።»